ከመነዳሪ፣ በርጩማ እና አልሳብ ያለኝ ቀስት

ኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ ሚኒሶታ። መሬት ሳይነጋ ዛፍ ላይ ወጥቼ፣ 5 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በቀበቶ ታስሬ ተቀምጫለሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀስኩም። አፍንጫዬ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። በቃኝ ብዬ ልወርድ ስል አጋዘኑ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። 20 እርምጃ ቢሆን ነው። ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ።

ቀስቱን አንስቼ ሳብኩ። ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ደግሜ ሳብኩ። አሁንም ቀጥ። እጄ የሰው እጅ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀስቱን ወደ ሰማይ አንጋጥጬ በመላ ሰውነቴ ስታገል አጋዘኑ ቀና ብሎ አየኝ። ነጭ ጭራውን አቁሞ ተፈተለከ።

ይሄንኑ ቀስት እኮ በነሐሴ ጓሮ ውስጥ በቲሸርት ሆኜ በቀን 40 ጊዜ እስበው ነበር።

(አጋዘን የምለው ለመግባባት ያህል ነው። እኛ አገር አጋዘን የሚባለው ቀንዱ የተጠማዘዘው ነው፤ ቀንዱም ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የአሜሪካኑ ሌላ እንስሳ ነው። ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና እንደገና ያበቅላል።)

የጅማ ልጅ ቀስት ምን አገናኘው ለምትሉ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያስለመደኝ። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቀስቱን ነው። ቅዝቃዜው አደረቀው፣ መዘውሮቹ ላይ ያለው ቅባት ረጋ፣ ምናምን እያልኩ ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውዬው ሚዛን ላይ ሰቅሎ ሳበው። 65 ፓውንድ። ስገዛው የነበረው ያው ነው። «ቀስቱ ደህና ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ እኔ ግን የቀረውን ሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። 65 ፓውንድ ወደ 30 ኪሎ ነው። የቡና ኩንታል ሲሶ ማለት ይቻላል። የእኔ ዓይነቱ ባለ መዘውር ቀስት መጨረሻ ላይ ሸክሙን ያራግፍልሃል። ሙሉ ከተሳበ በኋላ የምትይዘው 6 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ችግሩ እዚያ ለመድረስ መሀል ላይ ያለውን ዳገት መውጣት አለብህ። ዳገቱ ደግሞ ብርድ ላይ ለተቀመጠ ሰው አይራራም። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ጣትና ክንድ ይቀዘቅዛሉ። የቀዘቀዘ ጡንቻ ቀስ ብሎ ነው የሚታዘዘው፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሦስት ድርብ ልብስ ደረትህ ላይ አለ፤ ክንድህ እንደ ልቡ አይታጠፍም። ደግሞም ተቀምጠሃል። ጓሮ ውስጥ ስስብ ቆሜ፣ እግሬን ከፍቼ፣ ሞቆኝ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ዛፍ ላይ አልነበረም።

ሰኔ 2015 ላይ ለሦስት ወር ጅማ ገባሁ። እናቴን ካየኋት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቀስቱን ይዤ አልመጣሁም። ፎቶውን በስልኬ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ደህና አድርጋ አየችውና «ደጋን ነው እንዴ? ጥጥ ልትነድፍበት ነው?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ መሬት ላይ ተንከባለለ። የ12 ዓመት ልጅ ነው። ጋሼ እዚህ ጫካ ገብተን ድኩላ ለምን አናድንም ብሎም ነዝንዞኛል። እዚህ ያለ ፈቃድ አውሬ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።

ግን ሦስት ወር ሙሉ ሳልስብ ብመለስ ያው ውርደት ነው የሚጠብቀኝ። ስለዚህ የጅማ መርካቶ ወርጄ አንድ ጎሚስታ ጋ ገባሁ። የተበላሸ የብስክሌት ከመነዳሪ እንዳለው ጠየቅኩት። «ለምንህ ነው ወንድሜ?» አለኝ። ቀስት ልስብበት ነው ብለው ማን ያምነኛል? ለስፖርት ነው አልኩት። ሁለት ሰጠኝ፤ ብርም አልተቀበለኝም።

ከመነዳሪውን አንድ ክንድ በሚሆን የመጥረጊያ እንጨት ላይ አሰርኩት። በግራ እጄ እንጨቱን እገፋለሁ፣ በቀኜ ላስቲኩን እስከ ጉንጬ እስባለሁ። ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ጎረቤታችን ያለው ባለሱቅ ጋ ሄጄ በተንጠልጣይ ሚዛኑ ለካሁት። አንዱ ብቻውን 11 ኪሎ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታጠፉ 22 ገደማ። ላስቲክ ከባለ መዘውር ቀስት በአንድ ነገር ይለያል፤ መጨረሻ ላይ አይለቅህም፣ እየከበደ ነው የሚሄደው። ለእኔ ይሄ ጥሩ ሆነልኝ። በክንዴ ብቻ እስብ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ክንድ ቶሎ ይደክማል። ጀርባ ነው መሳብ ያለበት። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ጣቱን በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቼ መሀል ያስቀምጣል። ስስብ ጣቱ ከተቆነጠጠ «ልክ ነው ጋሼ!» ይላል። ካልተቆነጠጠ ዝም። ከዚህ የተሻለ አሠልጣኝ አላገኘሁም።

ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ ግን በርጩማው ነው። ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ የማያውቅ የለም። የእኛ ቤቷ ከዋንዛ የተፈለፈለች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ናት። አንድ ቀን ደክሞኝ እሷ ላይ እንደተቀመጥኩ ለመሳብ ሞከርኩ። አቃተኝ! ሁለቱን ከመነዳሪ ቆሜ በቀላሉ የምስበው ሰውዬ፣ ቁጭ ስል ወደ ጎን ተገለበጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቆሜ መሳብ ተውኩ። በርጩማዋ ላይ ቁጭ፣ ሁለቱን እግር ከመሬት አንሳ፣ እንጨቱን ወደ ፊት ቀጥ አድርገህ ዘርጋ፣ ሳታንጋጥጥ ቀስ ብለህ ሳብ። በዚህ አቀማመጥ የማትስበው ክብደት የአንተ ክብደት አይደለም። በትዕቢት የገዛኸው ነው።

ብርዱንስ? ክረምት ላይ የጅማ ንጋት ይበርዳል፣ የሚኒሶታን ኅዳር ግን አያክልም። ያም ሆኖ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ በረንዳ ላይ በስስ ሹራብ አንድ ሰዓት ሳልንቀሳቀስ እቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መሳብ። ሳልሟሟቅ፣ ሳልደግም። ዛፍ ላይ የሚሰጥህ ዕድል ያችው የመጀመሪያዋ ናትና። እናቴ ግን ይሄን ልትቀበል አልቻለችም። «ልጄ ብርድ ይመታሃል! ሰው ምን ይለናል?» እያለች ጋቢ ትወረውርብኛለች። ጋቢው ውስጥ ሆኜ ስስብ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። ላስቲኩ ጋቢው ጋር ይጠላለፋል። ለካ ወፍራሙ ጃኬቴም እንዲህ ያደርገኝ ነበር።

መስከረም ላይ ስመለስ መጀመሪያ ያነሳሁት የብሩጎላ መፍቻ ነው። የቀስቱን ላይኛና ታችኛ ቡሎን እኩል እኩል እያላላሁ ከ65 ወደ 55 ፓውንድ አወረድኩት። 25 ኪሎ መሆኑ ነው። ከአምራቹ ልክ በላይ ማላላት አደገኛ ስለሆነ መመሪያውን አይቼ ነው። ሲቀል ፍላጻው ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ማነጣጠሪያውንም እንደገና አስተካከልኩ። መቀነሱ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር። የሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን የሚጠይቀው ግን 30 ፓውንድ ብቻ ነው። ስለታም ፍላጻ በ20 እርምጃ ርቀት በ55 ፓውንድ የሚያቅተው ነገር የለም።

ልብሱንም ቀየርኩ። አንድ ወፍራም ጃኬት ትቼ ስስ ስስ የሱፍ ልብስ ደረብኩ። አውታሩ እንዳይመታው የግራ ክንዴን እጅጌ በላስቲክ ፋሻ ጠቀለልኩት። ወፍራም ጓንት ቀረ፤ ወገቤ ላይ እጅ የሚከተትበት ከረጢት አሰርኩ፣ ውስጡ የሚሞቅ ፓኬት አለ። ዛፍ ላይ ደግሞ እንደ ሐውልት መቀመጥ ተውኩ። ሰውነቴን ሳላንቀሳቅስ ጀርባዬንና ጭኔን እወጥራለሁ፣ እለቃለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ዙሪያዬን አይቼ፣ ምንም ከሌለ ፍላጻውን እንደደገንኩ ወደ መሬት አቅጣጫ ቀስ ብዬ ስቤ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ጣቴ ከመልቀቂያው ርቆ ነው። ፍላጻ የሌለበት ቀስት ካመለጠህ ቀስቱ ሊሰበር፣ አንተም ልትጎዳ ትችላለህ።

ቀስቱንም ማታ ሞቃት ቤት ውስጥ አላሳድረውም። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ያልበዋል፤ ጠዋት ስታወጣው ላቡ በረዶ ይሆናል።

ኅዳር 2016። ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ። አንዲት ሴት አጋዘን 15 እርምጃ ላይ መጣች። ተቀምጬ እንዳለሁ፣ ወደ ፊት ቀጥ አድርጌ ሳብኩ። መጣ! ያለ ድምፅ፣ ያለ ትግል። እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ እንዳዞረች ቀረች፤ ጎኗን ካልሰጠች አይወረወርም። አሁን 5 ኪሎ ገደማ የሆነችውን ሸክም ይዤ ከደቂቃ በላይ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ቀስ ብዬ መለስኩት፤ እሷም እየተቆናጠረች ሄደች። ባዶ እጄን ወረድኩ፤ መኪናው ውስጥ ግን ብቻዬን ስስቅ ነበር። ሥጋ የገባው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ማን ባረከው?» አለችኝ ገና ሰላም ሳንባባል። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፣ በስመ አብ ብዬ ነው የለቀቅኩት አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ወደ ሌላ ወሬ ገባች። የእህቴ ልጅ ከከመነዳሪዬ ወንጭፍ ሠርቶ የባለሱቁን መስኮት ሰብሯል። መስታወቱን የምከፍለው እኔ ነኝ።