ዕድገቱ የየትኛው ባትሪ ነው?

ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያበር ድርጅት ውስጥ ግዥና ስቶር ላይ ስሠራ ያየሁት ነው። የድርጅቱ ስም ይቅር። አውሮፕላኖቹ ሴስና ካራቫን ናቸው። ባትሪያቸው ባለ 24 ቮልት፣ «ጥገና አይፈልግም» እየተባለ የሚሸጠው የታሸገው የእርሳስ ባትሪ ነው።

አለቃችን አንድ ቀን ስለ አውሮፕላን ባትሪ ገበያ የሚተነብይ ጥናት ይዘው መጡ። ግራፉ ሽቅብ ነው። በኤሌክትሪክ የሚበር አውሮፕላን፣ ድሮን፣ የአየር ላይ ታክሲ፣ ሁሉም ባትሪ ይፈልጋል ይላል። «ፍላጎቱ ከጨመረ ዋጋውም ይጨምራል። ዶላሩ በእጃችን እያለ የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ እናስገባ» አሉ። ሻጩም በብዛት ለሚገዛ ቅናሽ አለኝ ብሏል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሐሳብ አይስቅም። ዘይት ሲገኝ ሁለት ጄሪካን እንደመግዛት ነው።

ስብሰባው ላይ የጠየቁት ጋሼ ብቻ ነበሩ። ጋሼ የባትሪ ክፍሉ ሰው ናቸው፤ ብዙ አያወሩም። «ለመሆኑ ዕድገቱ የየትኛው ባትሪ ነው?» አሉ።

«የአውሮፕላን ነዋ ጋሼ!» አሉ አለቃችን፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን።

ጥያቄው ግን ዋዛ አልነበረም። የአውሮፕላን ባትሪ ሲባል ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፦ እርሳስ፣ ኒኬል ካድሚየምና ሊቲየም። ግራፉን ሽቅብ የሚጎትተው በአብዛኛው ሊቲየም ነው፣ እሱም አውሮፕላኑን ራሱን ለማብረር የሚታሰበው። ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ የተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ በ2020 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ፈቃድ ስታገኝ ሙሉ በሙሉ በባትሪ ከሚበሩት የመጀመሪያዋ ሆናለች። የምታገለግለው ግን ለአጭር የሥልጠና በረራ ነው። ምክንያቱ ክብደት ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12,000 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይይዛል። ጥሩ የሚባል የሊቲየም ሴል በኪሎ ከ250 እስከ 300 ነው። የእኛ ካራቫን ባትሪ ሥራው ሌላ ነው፤ ሞተር ያስነሳል፣ ጄኔሬተር ሲጠፋ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያል። ጥናቱ ሁሉንም አንድ ቅርጫት ውስጥ ከትቷቸው ነበር።

ሊቲየሙም ቢሆን ሰተት ብሎ አልገባም። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. በቦይንግ 787 ላይ በቀናት ልዩነት ሁለት የባትሪ አደጋዎች ደረሱ። አንዱ ቦስተን ላይ፣ አንዱ ጃፓን ውስጥ። በዓለም ያሉት 787ቶች ሁሉ መሬት ላይ ቆሙ። ቦይንግ ሴሎቹ ሙቀት እንዳይጋቡ አድርጎ፣ ባትሪውን ጭሱ ወደ ውጭ በሚወጣበት የብረት ሣጥን ውስጥ ከተተው። ከዚያ መንገደኛ ይዞ ቀድሞ የተነሳው የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ሚያዝያ ውስጥ። ኤርባስ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለኤ350 ወደ ኒኬል ካድሚየም ተመልሶ፣ ቆይቶ ነው እንደገና ወደ ሊቲየም የዞረው። ግራፍ ላይ ይህ መመላለስ አይታይም።

ዕቃው መጣ። ጅቡቲ ሙቀት ላይ ሰነበተ፣ ሞጆ ሰነበተ፣ በመጨረሻ ሞዴል 19 ቆርጠን ተረከብነው። ካርቶኖቹ መደርደሪያ ላይ ተደረደሩ። ሲያዩዋቸው ያምራሉ። የእርሳስ ባትሪ ግን ተቀምጦም ይሠራል። ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ቻርጁን ይለቃል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። ባዶውን ሲቆይ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ አቅሙም ይደክማል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ገደማ እየተለካ ቻርጅ መደረግ አለበት። ስቶር ውስጥ ቻርጀር አልነበረም፤ ፕሮግራምም የያዘለት አልነበረም።

አንድ ካራቫን ባትሪ ሊቀየርለት ሲል ጋሼ አንዱን ከካርቶን አወጡ። ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም። ቴስተሩን ጫፎቹ ላይ አደረጉ፤ 24 ከምናምን። ሙሉ ቢሆን ወደ 26 ይጠጋ ነበር። ምንም አላሉም፣ ቻርጅ አደረጉት። በማግስቱ የአቅም ፍተሻ ላይ ጫኑት። ደህና ባትሪን በአንድ ሰዓት በሚጨርሰው ልክ ኃይሉን እያፈሰሱ፣ 20 ቮልት እስኪደርስ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ለመብረር ቢያንስ 85 በመቶ፣ ማለትም 51 ደቂቃ መቆየት አለበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው 20 ነካ። ሁለተኛውን ጫኑ። ሦስተኛው ተረፈ፣ አራተኛው ወደቀ።

አንድ ወጣት መካኒክ «ሞተር ግን ያስነሳል እኮ ጋሼ» አለ።

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አሉት። «ባትሪው ከደከመ ሞተሩን በሚገባው ፍጥነት አያዞረውም። ነዳጁ ይገባል፣ እሳቱ ይነሳል፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ግን አይበቃም። ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ያልፋል። ተርባይኑ ሲቃጠል ባትሪ ለመቆጠብ ብለን ነው ልትል ነው?»

ልጁ ዝም አለ። ለነገሩ የካራቫን ሞተር ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ዝም ይላል።

የወደቁት ተጽፈው ተወገዱ። ኦዲተሩ አልዋጥ አለው። «አንድ ቀን ያልሠራ ዕቃ እንዴት ያረጃል?» እያለ ተመላለሰ። ወንበርና ጠረጴዛ ቆጥሮ ለኖረ ሰው አይፈረድበትም። ጋሼ የፍተሻውን ወረቀት ከነደቂቃው አያይዘው ሰጡት፣ ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማ ስንጠይቅ የተመረተበት ቀን ይጻፍልን እንላለን። ካርቶኖቹ ላይ የመለኪያ ቀን የሚሞላበት ወረቀት ተለጠፈ፤ ጋሼም ባትሪ ክፍል የነበረ አንድ ቻርጀር ለስቶር ለቀቁ።

በዋጋው ግን አለቃችን ልክ ነበሩ። ቀጣዩ ፕሮፎርማ ከበፊቱ ጨምሮ መጣ። «ብያችሁ ነበር!» አሉ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው እያሳዩን። የፈረሙት ግን ለሁለት ባትሪ ብቻ ነው።