ሊንከን ተቀመጠ

ባለፈው ሳምንት አንድ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረምክ የለ። «ሊሞዚን ገዛህ አሉ! ስንት ወጣበት? ለኔም አንድ ላክልኛ፣ ለሠርግ አከራየዋለሁ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ወሬው የተነሳው ከአንድ ፎቶ ነው። ፎቶውን የለጠፈው ጠላቴ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔው ነኝ።

እንግዲህ ይታወቅልኝ፤ ሊሞዚን አይደለም። በፈረንጆች የ2005 ሊንከን ታውን ካር ነው። ጥቁር፣ ባለ አራት በር። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ47 ሳንቲም፣ አንድ ቪትዝ ተኩል በሉት። ሞተሩ 4.6 ሊትር ቪ8 ነው። ፊት ሦስት፣ ኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። ማርሹ እንደ ድሮ ፔጆ መሪው ሥር ነው። ዋጋው? 3,600 ዶላር። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የሜሪላንድ አሮጊት ናቸው የሸጡልኝ። ጋራዣቸውን ሞልቶ መላወሻ አሳጥቷቸው ነበር።

እኛ አገር መኪና ሲተልቅ ባለቤቱም አብሮ ይተልቃል። እዚህ ግን ትልቅ ሆኖ ሲያረጅ የሚፈልገው የለም። ነዳጅ ይጠጣላ! ከተማ ውስጥ በጋሎን 16 ማይል ቢሄድልኝ ነው። በኛ ስሌት በሊትር 7 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጋኑ ደግሞ 19 ጋሎን ይውጣል። ሲቀዳ ቁጥሩን አላይም። ፊቴን አዙሬ መስታወት እወለውላለሁ።

ለምን ገዛኸው ላላችሁኝ፣ ለባለቤቴ «ርካሽ ስለሆነ ነው» ብያታለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ወደ ዲሲ የመጣሁ ሰሞን ደለስ ኤርፖርት ላይ ሱፍ የለበሱ ሐበሾች እንዲህ ዓይነት መኪና ተደግፈው ቆመው አየሁ። ጫማቸው ያብረቀርቃል። ባንክ የሚያስተዳድሩ ነበር የመሰሉኝ። ሹፌሮች መሆናቸውን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ እንግዳ የሚያመላልሱት ጥቁር መኪኖች አብዛኞቹ ታውን ካር ነበሩ። ልቤ ግን አንዴ ሄዷል።

አሁን አይመረትም። የመጨረሻው በፈረንጆች ነሐሴ 2011 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሴንት ቶማስ ከሚባል ከተማ ወጣ፤ በቃ። የፖሊስና የታክሲ መኪና የነበረው ክራውን ቪክቶሪያም ወንድሙ ነው፣ እሱም በዚያው ዓመት ቀረ። የኔው ከዚያ በፊት ሚቺጋን፣ ዊክሰም የተሠራ ነው። ስትነዱት አይሄድም፣ ይንሳፈፋል። የ495 ቀለበት መንገድ ጉድጓድ ለሌላ ሰው ነው የሚተርፈው።

ነዳጅ ማደያ በቆምኩ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አይጠፋም። «አባቴ እንዲህ ያለ ነበረው» ይልና ኮፈኑን እንደ በሬ ይዳብሳል። ወጣቶቹ ደግሞ የማን ሹፌር እንደሆንኩ ይጠይቁኛል። ቀብር አስፈጻሚዎችም ይወዱት ስለነበር፣ የሕንፃችን አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ባየችኝ ቁጥር «ማን ሞተ?» ትላለች። እኛ በታክሲ ልክ እናየዋለን፣ እነሱ በአባትና በሬሳ። እንደ መኪና የሚያየው ጠፋ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። መነጽር አድርጌ፣ አንድ እግሬን አጣጥፌ፣ በሩን ተደግፌ ተነሳሁ። በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ የራይድ መኪና መግዣ ጎደለኝ አለ። በሳምንቱ የሰፈር ዕድር ለድንኳን ጠየቀ። አልፈርድባቸውም። ያረጀች ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ በምትጠራበት ከተማ ያለ ሰው ይሄን መርከብ ስንት ይገምተዋል? 3,600 ዶላር ነው ብል ደግሞ ቋጣሪ ብቻ ሳይሆን ውሸታምም ነው የሚሉኝ። ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት።

ለዚያ ጓደኛዬ ደግሞ፦ ልላክልህ ብልም አይገባም ወንድሜ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አገር ቤት ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ ኤክሳይስ ታክስ ለአሮጌ መኪና ምሕረት አልነበረውም።

ይሄ መኪና ከኋላ ሞላ የለውም። ሁለት የጎማ ፊኛዎች አሉ፤ አንዲት ትንሽ ሞተር አየር ትነፋባቸዋለች። ምቾቱም ከዚያ ነው። ግን ያው ጎማ ነው። ሃያ ዓመት ሲጠጋው ይሰነጠቃል። ማፍሰስ ሲጀምር ያቺ ትንሿ ሞተር ስትነፋ፣ ስትነፋ፣ በመጨረሻ ትቃጠላለች። መካኒኬ ይህን ሁሉ ነግሮኛል። «አሁኑኑ ቀይረው» ብሎኛል። የነገረኝ ግን ለአክስቴ ልጅ በላክሁበት ወር ነው። የሚቀጥለው ወር አልኩ። ከዚያም የሚቀጥለው።

እንዲህ እያልኩ አጎቴ መጡ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ፊያት ኤን ትሬ ይዘው አሰብ ሲመላለሱ ነው የኖሩት። በመኪና የሚደነግጡ ሰው አይደሉም። ደለስ ላይ ግን ዞረው ዞረው አዩት። ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉ። «ይሄስ መኪና ነው» አሉ። በርበሬና ሽሮ የታጨቀባቸውን ሁለት ሻንጣዎች የኋላው ዕቃ መጫኛ ዋጥ አደረጋቸው። የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው። አይ፣ አሉ። ከኋላ በቀኝ በኩል ገብተው እንደ ሚኒስትር ተደላደሉ። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ አንድ ቃል ቢናገሩ ነው፦ «ቀስ በል፣ አትሩጥ።» ሰው እንዲያያቸው ነው።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ተነሳን። ጋሼ ሱፍ ለብሰው ከላይ ነጠላ አጣፍተዋል። እንኳን ደህና መጡ ሊሉ የመጡ ሦስት ጎረቤቶችም አብረውን ወጡ። ባለቤቴ ስትጨመር ስድስት። ልክ የመኪናው ልክ። እየተሳሳቅን ወደ ፓርኪንጉ ወረድን።

ተቀምጧል።

ውሻ በኋላ እግሩ ቁጭ ሲል አይታችኋል? እንደዚያ። የኋላ ጎማው ግማሹ ቆርቆሮው ውስጥ ገብቷል። አፍንጫው ሽቅብ ነው። የፊት መብራቶቹ ሦስተኛ ፎቅ ያያሉ። ሌሊቱን ፊኛው ባዶ ሆኗል። ቁልፉን አዞርኩ። ቪ8ቱ እንደ ልማዱ ተነሳ። ከኋላ ግን ያቺ የለመድኳት «ጥዝዝ» የለችም። ተቃጥላለች። ይሁንና ምናልባት ብዬ ጠበቅኩ፣ ሁሉም ከኔ ጋር ጠበቀ። ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ ጥቁር መኪና ከቦ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ላየው ፍትሐት ነው የሚመስለው። ያቺ ባልቴት በመስኮት ብቅ ብትል እንዳትሳሳት ብዬ ቀና ብዬ ሁሉ አይቻለሁ።

«ባሌስትራው ተሰበረ?» አሉ ጋሼ።

«ባሌስትራ የለውም ጋሼ። በአየር ነው።»

«ምኑ?»

«የኋላው። በአየር ነው የሚቆመው።»

ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ቀና አሉ። መኪናውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሁለት ቶን ብረት በአየር!» አሉ። «ኤን ትሬ ስንት ዘመን አሰብ ስትመላለስ አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም።»

ከጎረቤቶቻችን አንዷ ስልኳን አውጥታለች። «ለማስታወሻ ነው» አለችኝ።

በመጨረሻ በሌላው ጎረቤት ኮሮላ በሁለት ዙር ሄድን። ጋሼ ጉልበታቸውን አጥፈው ሲገቡ እኔ አንገቴን ደፍቼ በር ይዣለሁ። አሳዘንኳቸው መሰለኝ። «ተው አትዘን» አሉኝ። «ጃንሆይም በመጨረሻ በቮልስዋገን ነው የሄዱት።»

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቪዲዮው ቀድሞን ደርሷል።

እና ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ እባካችሁ ስሙኝ። የመጀመሪያ መኪናችሁ ኮሮላ ይሁን። ካምሪም ይሁን። አይዟችሁ፣ ማንም አይንቃችሁም፤ ሁሉም እሱን ነው የሚነዳው። ትልቅ አሮጌ መኪና ገዝቼ ሰው አመላልሳለሁ ብላችሁ አትምጡ፣ እንደ ኡበር ያሉት አፖች የመኪና ዕድሜ ይቆጥራሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የምታቆሙበትን ቦታ ለኩ። እኔ ቅዳሜ ማታ ዩ ስትሪት ክትፎ ልበላ ሄጄ፣ 40 ደቂቃ ማቆሚያ ፈልጌ አጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ ሽሮ የበላሁበት ቀን አለ። መካኒክ ሲናገር ከአክስት ልጅ በፊት እሱን ስሙ። ፎቶ ካማራችሁ ደግሞ ከአበባ ጋር ተነሱ። አበባ የማን ነው፣ ስንት ነው አይባልም። ይሄን ሁሉ ብዬ ግን መኪናውን ሽጠው ብትሉኝ አልሸጠውም፤ እሱን አታንሱብኝ።

ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት የአብርሃም ሊንከንን ሐውልት ላሳያቸው ወሰድኳቸው። በባቡር። መኪናው ስሙን ያገኘው ከእሳቸው መሆኑን መንገድ ላይ አጫወትኳቸው። ኩባንያውን በፈረንጆች 1917 የመሠረተው ሄንሪ ሊላንድ ነው በእሳቸው ስም የሰየመው። ስለ ባሮች ነፃ መውጣትም ጨመርኩላቸው። ክብሬን በታሪክ ለማስመለስ ነው መቼም። ደረጃውን ቀስ እያልን ወጣን። ነጭ እብነ በረድ፣ 19 ጫማ ቁመት፣ ወንበር ላይ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ቀና ብለው አዩ። ስሜት የነካቸው መስሎኝ ዝም አልኩ።

«እሳቸውም ተቀምጠዋል» አሉ።

አሁን ፊኛዎቹን አስወጥቼ የብረት ሞላ አስገብቼበታለሁ። ከነእጅ ዋጋው 400 ዶላር ገደማ ፈጀ፤ ያ ሁሉ ጉድ ለዚህች ነበር። መንሳፈፉ ትንሽ ቀንሷል፣ የ495ን ጉድጓድ አሁን እኔም እቀምሳለሁ። ለጋሼ ፎቶ ልኬላቸዋለሁ፣ ከጎን የተነሳ፣ ጎማው በደንብ የሚታይ። «ፎቶ ምን ያደርጋል፣ መኪናው የሚወድቀው ሌሊት ነው» አሉኝ። እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ሰላም ነህ ወይ የለ፣ ልጆቹስ የለ።

«ተነሳ?»