ልጄ፣ ዱላውና ኮሌጁ

ሚሊኒየሙን አዲስ አበባ አክብረን ብዙም ሳንቆይ በዲቪ ዋሽንግተን ገባን። እኔ፣ ባለቤቴና አራት ዓመት የሞላው ልጃችን። ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ መቀበል ነበር። የተቀመጥኩባት ዳስ በአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ያኔ አዲስ ከተሠራው ናሽናልስ ፓርክ የቤዝቦል ስታዲየም ብዙም አትርቅም። ስታዲየሙ በፈረንጆቹ ማርች 30 ቀን 2008 ተከፈተ (ከዚህ በታችም ዓመቶቹን በእነርሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማታ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ድንገት ከስታዲየሙ የወጣው ጩኸት ዳሷን ያንቀጠቀጣት መሰለኝ። ደንግጬ ብድግ አልኩ። ከኔ ሃያ ዓመት ቀድሞ የመጣው ጋሼ ግን ሻዩን ሳያስቀምጥ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ሆም ረን ነው» አለኝ።

ሆም ረን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኋላ ሲነገረኝ፣ ራያን ዚመርማን የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ጨዋታው 2 ለ 2 እንደሆነ ሊያልቅ ሲል ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰዶ አትላንታን አሸንፎ ነው ሰው ያበደው። ስሙን ብቻ ያዝኩ፤ ሌላው አልገባኝም።

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆነው የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤዝቦል አስለመደው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እኛም በልጅነታችን ገና ስንጫወት ዱላችንን ከጫካ ቆርጠን፣ በእሳት አጉብጠን፣ ሩሯን ስናባርር ነው ያደግነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ገና ግን በዓመት አንዴ ነው። የልጄ ጨዋታ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ክረምቱ ማብቂያ አያባራም። ቅዳሜ ሌላ ከተማ፣ እሑድ ሌላ ከተማ፤ ለውድድር መመዝገቢያ፣ ለጫማ፣ ለጓንት ክፍያ። ባለቤቴ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ ከሥራ ገብታ ልብሷን ሳትለውጥ፣ «ሐኪም ይሆናል ያልነው ልጅ ዱላ ይዞ ሊቀር ነው» ብላ አለቀሰችብኝ። ያን ቀን ዱላውን ወስጄ መኪናዬ ውስጥ ደበቅሁት። ልጄ አልጠየቀኝም። አልጋው ሥር፣ ከሶፋው ጀርባ፣ በረንዳው ላይ እየፈለገ ሲዞር ካየሁት በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት መለስኩለት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ዱላ አንስተን አናውቅም።

እኔን ያሳረፈኝ 2019 ነው። ልጄ አሥራ ስድስት ሞልቶት ነበር። የከተማችን ቡድን ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ከተማው ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት ሳለ አንሠራርቶ ለዋንጫ ደረሰ። አንድ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ፣ «እነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ገብተው ያውቃሉ?» አልኩት። ነገሬ ቁጣ ነበረበት። እርሱ ግን ዓይኑ በራ። እኔም የዳሱን የሂሳብ ደብተር አወጣሁና የሚነግረኝን ጻፍኩ።

ዚመርማን፦ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ። ሻርሎትስቪል ማለት ነው፤ ከቤታችን ከሁለት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ። በ2005 ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች በሚመርጡበት ምርጫ ተመረጠና በዚያው ዓመት መስከረም ትልቁ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ገባ። ማክስ ሸርዘር፦ ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ። አንተኒ ሬንዶን፦ ከራይስ። ትሬ ተርነር፦ ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት። ከርት ሱዙኪ፦ ከካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን። ሃዊ ኬንድሪክ እንኳን በፍሎሪዳ አንዲት የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተጫውቷል። ገጹ ሞላ። ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አልመጡም። ሁዋን ሶቶ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የፈረመ ልጅ ነው፤ ይህንንም ጻፍኩ።

ብዕሬን አስቀምጬ ያዳመጥኩት ግን የስቲቨን ስትራስበርግን ነገር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ አንድም ቡድን አልመረጠውም። ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። አሠልጣኙ ቶኒ ግዊን ነበር፤ እዚያው ግቢ ተምሮ፣ በሜጀር ሊግ 3,141 የተሳኩ ምቶች መትቶ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግቢው ተመልሶ ልጆች የሚያሠለጥን ታላቅ ሰው። ሦስት ዓመት አልፎ በ2009 ያ ማንም ያልፈለገው ልጅ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። «አየህ አባዬ» አለኝ ልጄ፣ «ኮሌጁ ነው የሠራው።»

ኦክቶበር 30 የዋንጫው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ሂውስተን ነበር። እኛ ጋር ሰው በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ሊያይ በዝናብ መጣ፤ እኔም ተረኛ ነበርኩ። በሬዲዮ ኬንድሪክ መታ ሲሉ እኔና ጋሼ ተቃቀፍን። 6 ለ 2 አሸነፍን። ስትራስበርግ የዋንጫው ኮከብ ተባለ። ያ ከዓመታት በፊት ያስደነገጠኝ ጩኸት እንደገና መጣ፤ በዚህኛው ግን እኔም ጮህኩ።

በኮሮና ጊዜ ሜዳው ሁሉ ተዘጋ። ልጄ የሚወረውርለት ሰው ሲያጣ ወፍራሙን ጓንት አጥልቄ ከፎቃችን ጀርባ ቁጢጥ አልኩለት። ጓንቱን ወደ ፊቴ ሳስጠጋው አያቴ ደጅ ይሰቀል የነበረው ኮርቻ ሸተተኝ። ኳሷን በእጄ አገላብጬ አየኋት፤ ቀይ ስፌቷ 108 ነው፣ በእጅ የተሰፋ። ልጄ ሁለት ጣቱን ስፌቱ ላይ አስተካክሎ ሲለቃት አየር እየቀደደች ትመጣለች። መዳፌ ለሦስት ቀን አብጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ዚመርማን ያን ዓመት አልጫወትም አለ። እናቱ ለረጅም ዘመን በነርቭ ሕመም የምትሠቃይ ናት፤ ኮሮናው ቢይዛት እንዳይጎዳት ብሎ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መረቀችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤዝቦል ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ልጄ በ2021 በዚሁ በቨርጂኒያ አንድ ኮሌጅ ተቀበለው። ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ፦ ያኔ በነበረው ደንብ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጅ ለቤዝቦል ቡድኑ በሙሉ የሚሰጠው 11.7 የነፃ ትምህርት ክፍያ ብቻ ነበር፤ ብዙ ልጆች ይካፈሉት ነበር። ስለዚህ ለእኛ የደረሰን ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ቀሪውን በትምህርቱ ውጤት ባገኘው እርዳታና በሁለታችን ትርፍ ሰዓት ሞላነው። አራት ዓመት የሚፈጅ ኮሌጅ የገባ ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም ሃያ አንድ እስኪሞላው አይመረጥም። ሌሎች በዚህ ደንብ ያማርራሉ፤ እኔ ወደድኩት። ቢያንስ ሦስት ዓመት ደብተሩ ከእጁ አይወጣም። ቢመረጥስ ደግሞ አብዛኛው መጀመሪያ ከሜጀር ሊግ ሥር ወዳለው ማይነር ሊግ ነው የሚወርደው። እስከ 2022 ድረስ ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ሰው ዝቅተኛ የዓመት ደመወዙ 17,500 ዶላር ነበር፤ እኔ ዳሷ ውስጥ የተሻለ አገኝ ነበር። በ2023 ነው 35,800 የሆነው።

በሁለተኛ ዓመቱ መኸር ላይ ልምምድ ሲያደርግ ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተቀደደ። ስትራስበርግም በ2010 ይኸው ደርሶበት ነበር። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ስልክ ደወለልኝና ብዙ ሳይናገር ቆየ። እኔም ዝም አልኩ። ምን እንደምለው ስፈልግ ትዝ ያለኝ የሂሳቡ ደብተር ነው። «ዱሊትል የምትለኝ ሰውዬስ?» አልኩት። ሾን ዱሊትል ከዚያው ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ኮሌጅ ሳለ ይወረውርም ይመታም ነበር። በ2007 ተመርጦ መቺ ሆኖ ሲጀምር ጉልበቱ ተጎዳ፤ ዓመታት አለፉበት፤ ከዚያ እንደገና ወርዋሪ ሆኖ በ2012 ሜጀር ሊግ ደረሰ። ልጄ በስልኩ ውስጥ ሳቀ። «አባዬ፣ እኔ በተቃራኒው ልሂድ?» አለኝ። ሄደ። መወርወሩን ትቶ አንደኛው ማረፊያ (ፈርስት ቤዝ) ላይ የሚቆም ተጫዋች ሆነ።

በጉዳቱ ሳይጫወት በቀረበት ዓመት ያነበበልኝ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ከርቲስ ግራንደርሰን ነው። የሁለት መምህራን ልጅ ነው። በ2002 ከቺካጎው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዲትሮይት ቡድን መረጠው፤ እርሱ ግን ማይነር ሊግ እየተጫወተ ዲግሪውን ጨረሰ። ዝናና ገንዘብ ሲያገኝ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቶ ሜዳ አሠራ። ልጄ ይህን ሲያነብልኝ ድምፁን የሰማ ሰው ስለ ወንድሙ የሚያወራ ይመስለው ነበር።

ሦስተኛ ዓመቱ አለፈ፤ ማንም አልመረጠውም። ባለፈው ዓመት ግንቦት በሲቪል ምህንድስና ተመረቀ። በጉዳት የቀረበት አንድ የጨዋታ ዘመን ስለተያዘለት ለሁለተኛ ዲግሪው እየተማረ ዘንድሮም ይጫወታል።

በመጋቢት ፈቃድ ወሰድኩና እኔና ባለቤቴ ሄድን። ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ፣ ነጠላዋን ደርባ የብረት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልጃችን አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ ጓንቱን በጡጫው ይመታል። ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ማረፊያ ሄደች፤ እዚያ የቆመው ልጅ አነሳና ወደ ልጃችን ወረወረ፤ አወራወሩ ዝቅ ብሎ ነበር። ልጃችን አንድ እግሩን ማረፊያው ላይ እንዳደረገ ተዘርግቶ ከአፈር ላይ ቀለባት።

ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ይሄ ጥሩ ነው?» አለች።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኳት።

ብድግ ብላ በአማርኛ ጮኸች፤ እርሱም ዞሮ አየን።