መብራት ሲጠፋ የቆየው ቅልቅል

ባሕር ዳር ላይ ላብራቶሪ ለሚሠራ ሰው መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። የዚያን ዕለቱ ግን ዋጋ አስከፈለን።

የማስተርስ ተማሪያችን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል የያዘ ፕላዝሚድ (ትንሽ ቀለበት መሰል ዲኤንኤ) ወደ ሴሎች ሊያስገባ ነበር። ማስገቢያው ፒኢአይ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊኤቲሊንኢሚን፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የዋለ ሰው ሠራሽ ፖሊመር። ዋጋው ከታወቁት የቅባት ማስገቢያዎች በጣም ስለሚቀንስ እንደኛ ላለው ላብራቶሪ እፎይታ ነው። ዲኤንኤው ኔጌቲቭ፣ ፒኢአይው ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ሲገናኙ ይያያዙና ሴሉ የሚውጣቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ይሆናሉ።

ልጁ ሁለቱን በጨው ውሃ ቀላቅሎ ሩብ ሰዓት ሊጠብቅ ሲል መብራት ጠፋ። ሴሎቹን ከብክለት የሚጠብቀው የንጹሕ አየር ሣጥን፣ ሁዱ፣ ቆመ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ ስለ ናፍጣው ባልናገር ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መብራት ሲመጣ ያንኑ ቅልቅል ሴሎቹ ላይ ጨመረው። ፕላዝሚዱን ለማውጣት ስንት ለፍቶበት እንዴት ይድፋው!

በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ስናይ ሴሎቹ ላይ ጥቁር ጥቁር ፍርፋሪ ተለጥፏል። ብዙዎቹ ድቡልቡል ብለው ከሳህኑ ለቅቀው ይንሳፈፋሉ። አረንጓዴ ከተባለ እዚህና እዚያ አንድ አንድ ነው። አንዱ ፕላዝሚዱን፣ ሌላው ሴሎቹን ያማ ጀመር።

ቴክኒሺያናችን ግን የተረፈውን ቲዩብ ከመደርደሪያው አንሥታ «ወንድም ዓለም፣ እስቲ ይሄን ወደ ብርሃን አድርገህ እየው» አለችው። አይብ ሊወጣው እንደተቃረበ አሬራ ቋጥሯል።

ጨው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚገፋፉበትን ኃይል ያዳክመዋል፤ በቆዩ ቁጥር እየተጣበቁ ያድጋሉ። በ5 በመቶ ግሉኮስ ከተዘጋጁ ደቃቅነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። መተለቁ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለትም አይደለም፤ ተለቅ ያሉት ቶሎ ስለሚዘቅጡ ሳህን ላይ ላሉ ሴሎች አንዳንዴ ይበጃሉ። ልኩን ሲያልፍ ግን እንዳየነው ነው፤ ፒኢአይ ሲበዛበት የሴልን ሽፋን ይጎዳል።

ግሉኮሱንም ሞከርነው። ቅልቅሉ አልቋጠረም፤ አረንጓዴው ግን ከጨው ውሃው አነሰ። ስለዚህ ወደ ጨው ውሃው ተመለስን። አሁን ቲዩቡ ክዳን ላይ የተቀላቀለበት ሰዓት ይጻፋል፤ ፕላዝሚዱም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ከሄደ የሚደፋው ግማሹ ብቻ ነው፤ ተማሪው አሁንም ሲደፋ ፊቱን ያጨማድዳል።