«ምን ትወዳለህ?» የሚለው ጥያቄ አልረዳኝም

አካውንቲንግ የተማርኩት ወድጄው አይደለም። ጠልቼውም አይደለም። ዘመኑ ተማሪው 70/30 እየተባለ የሚመደብበት ነበር፤ 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ሶሻል ገብቶ ሥራ ያለው ዲፓርትመንት ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር። አጎቴ «ባንክ ያስገባሃል» አለ፤ ሞላሁት። ማን ነኝ፣ ለምን ተፈጠርኩ የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም።

እውነትም ባንክ ገባሁ። ደመወዙ ለክፉ አይሰጥም። ቤተሰብም ኮራ። ግን እሑድ ሲመሽ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሥራ እንዴት ነው ሲሉኝ መልሴ «እንጀራ ነው» ሆነ።

ያኔ አነቃቂ ንግግር የሚባለውን ነገር በብዛት እሰማ ነበር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ የምትወደውን ፈልግ። እኔ ደግሞ የምወደው ብዙ ነው። ኳስ እወዳለሁ። ክትፎ እወዳለሁ። መተኛትም እወዳለሁ። ከዚህ ተነስቶ የሕይወት ዓላማ ላይ የደረሰ ሰው ካለ በጣም ጎበዝ ነው።

ስለዚህ ወደማውቀው ሙያ ዞርኩ። አንድ ሂሳብ መርማሪ ድርጅቱን ማወቅ ሲፈልግ ሥራ አስኪያጁን «ምን ትወዳለህ?» አይለውም። መዝገቡን አምጣ ይለዋል። ገንዘቡ ከየት መጣ? የት ገባ? እኔም በራሴ ላይ መዝገብ ከፈትኩ። ርካሽ የተማሪ ደብተር ገዛሁና ገጹን መሐል ለመሐል አሰመርኩት። በግራ ያደከመኝ ሥራ፣ በቀኝ ሰዓቱ ሳላውቀው የሄደብኝ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የተሰማኝን ሳይሆን ያደረግኩትን መጻፍ። «ዛሬ ደበረኝ» አይጻፍም። «ሪኮንሲሌሽን (ሁለት መዝገብ ማመሳከር) ስሠራ ከሰዓት ሦስቴ ቡና ልጠጣ ወጣሁ» ይጻፋል።

ይቺ ሕግ ቀላል ትመስላለች እንጂ ዋናው ነገር እሷ ናት። ሰው ስለ ስሜቱ ሲጽፍ ራሱን ያሞኛል። ቡናው ግን አይዋሽም።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደብተሩን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የቀኙ ዓምድ አስገረመኝ፤ ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም። ያለው ሰው ነው። አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ ሲስተሙን ሳሳያት ምሳ ረሳሁ። አንድ ጡረተኛ አባት የቁጠባ ወለድ እንዴት እንደሚሰላ ቢጠይቁኝ በደረሰኝ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ሳስረዳቸው ሰልፉ በር ድረስ ደረሰ። አለቃዬ በዓይኑ ገረመመኝ። እኔ ግን ያን ቀን ቡና አላማረኝም።

በዚህ ብቻ አላቆምኩም። ጆሴፍ ሉፍት እና ሃሪንግተን ኢንግሃም የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንደ ፈረንጆቹ በ1955 ያወጡት አራት መስኮት ያለው ሠንጠረዥ አለ፤ ከሁለቱ ስም ቆርጠው «ጆሃሪ» ይሉታል። ከመስኮቶቹ በአንዱ ውስጥ ያለው ሌሎች ስለኛ የሚያውቁት፣ እኛ ግን የማናየው ነገር ነው። ያቺን መስኮት ብቻዬን ልከፍታት እንደማልችል ግልጽ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ስለ ራሴ ብጽፍ አሳምሬ ነው የምጽፈው።

ታዲያ የቅርብ ሰዎቼን መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ እናቴን «በምን ጎበዝ ነኝ?» አልኳት። «አንተማ ልጄ ጨዋ ነህ» ብላ ጨረሰች። እኛ አገር ፊት ለፊት ተጠይቆ የማያሞግስ የለም። ጥያቄውን ቀየርኩት፤ «እኔን የምትፈልጊኝ ምን ሲቸግርሽ ነው?» ይሄኔ ሳታስብ መለሰች። «የመብራት ቢል ሲያወዛግበኝ ነዋ!» እህቴም ነገር ሲወሳሰብባት እንደምትደውልልኝ ነገረችኝ። ጓደኛዬ የኪራይ ውል ሊፈርም ሲል ይፈልገኛል። አንዳቸውም ሂሳብ ሥራልኝ አላሉም። አስረዳኝ ነው ያሉት።

ይሄ ሁሉ መልክ የያዘው በሐምሌ 2009 ነው። የዚያን ዓመት የቀን ገቢ ግምት፣ ማለትም ነጋዴው በቀን ስንት እንደሚሸጥ ለግብር ሲባል የተገመተው፣ በአዲስ አበባም በክልልም ነጋዴውን ምን ያህል እንዳስቆጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በጊዜው ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ፣ «ደረጃ ሐ» የሚባሉ ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም። ግብራቸው በግምት ይቆረጥ ነበር። ግምቱ በዛ ብለው ሲከራከሩ ደግሞ በእጃቸው የሚያሳዩት ወረቀት አልነበረም።

የሰፈራችን ባለ ሱቅ እናት ወረቀታቸውን ይዘው ቤት መጡ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። በቀን ይሄን ያህል ብሸጥ ኖሮ እዚህ ታገኘኝ ነበር?»

«እማማ፣ ትናንት ስንት ሸጡ?»

አላወቁትም። የዱቤው ዝርዝር በጭንቅላታቸው ነው። ከሱቁ ለቤት የሚወስዱት ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ የትም አይጻፍም። ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና ሦስት ዓምድ አሰመርን፤ በእጅ የተሸጠ፣ በዱቤ የሄደ፣ ለቤት የተወሰደ። የሳምንቱን አንድ በአንድ እያስታወሱ ነገሩኝ። እናቴ እራቱን ሁለቴ አሞቀች። መጨረሻ ላይ ሦስተኛውን ዓምድ ደምሬ ሳሳያቸው ወረቀቱን ቀርበው አዩትና «ለካ የሚያከስረኝ ደንበኛው አይደለም፤ ቤቴ ነው!» ብለው ሳቁ።

ግምቱን አላስቀነስንላቸውም። መዝገቡን ግን ያዙት። ጎረቤታቸውንም ይዘው መጡ።

ያን ሰሞን ነው ዓላማዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የቻልኩት፤ ገንዘብ ነክ ነገር ግራ ለሚያጋባው ሰው ቀለል አድርጎ ማስረዳት። ያምራል አይባልም። ፖስተር ላይ አይለጠፍም። ለእኔ ግን ጠዋት የሚያስነሳ ነው።

ሥራዬን በማግስቱ አልለቀቅኩም። «ዘለህ ግባበት» የሚሉ ሰዎች የቤት ኪራይ የሚከፍሉ አይመስለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈር ባለ ሱቆች በነፃ ማስተማር ጀመርኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ማየት ነው፤ ሰው ሳያመሰግነኝ፣ ሳይከፈለኝ፣ ደክሞኝም ቢሆን እሄዳለሁ? ሄድኩ። ቆይቶ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ቦታ ሲገኝ ባንኩን ተውኩ። ደመወዜ ቀነሰ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ከእጮኛዬ ጋር ሰርጉን ገፍተነዋል። አካውንቲንጉ ግን አልባከነም። በየቀኑ የማስረዳው እሱን አይደል?

ደብተሩን አሁንም አልፎ አልፎ እሞላዋለሁ። በቅርቡ በግራ በኩል አዲስ ነገር እየተደጋገመ መጣ፤ ፕሮፖዛል መጻፍ። አንዱን ለመጨረስ ስንት ቡና እንደጠጣሁ ባትጠይቁኝ ይሻላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በተቃራኒው ፕሮፖዛል ስትጽፍ ስልክ አታነሳም፣ ሰው ፊት መቆም ግን ያስጨንቃታል። እኔ የእሷን ሥልጠና ልወስድ፣ እሷ የእኔን ፕሮፖዛል ልትወስድ ተስማምተን ለአለቃችን አቅርበናል።