ኢንሹራንስ «አይሆንም» ሲል

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ዱሼን የሚባል የጡንቻ በሽታ አለበት። ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ስለተበላሸ ጡንቻው ዓመት በዓመት እየደከመ ይሄዳል። ከወለል ሲነሳ በእጆቹ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ጭኑን እየተደገፈ ነው ቀና የሚለው።

ዘመድ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በማን ወገን ነው የመጣው?» ብሎ ነው። ከእናት ሊተላለፍ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከማንም አልወረሱትም። እናቶች፣ እባካችሁ ይህን ወቀሳ አትሸከሙ።

በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ ኤሌቪዲስ የተባለውን የጂን ሕክምና ፈቀደ። ያጠረ የዲስትሮፊን ጂን በማይጎዳ ቫይረስ ተጭኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር ይሰጣል። ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። የልጁ ደም አስቀድሞ ይመረመራል፤ ሰውነቱ ያን ቫይረስ የሚዋጋበት መከላከያ በብዛት ከተገኘበት አይሰጠውም። ልጄ ይህን አለፈ።

ኢንሹራንሳችን ግን ከለከለ። ደብዳቤው «በቂ ማስረጃ የለም» ይላል። ምክንያቱን ከሜዳ አላመጡትም። በመድኃኒቱ ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት ዋናው የእንቅስቃሴ መለኪያ ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ከወለል ለመነሳትና 10 ሜትር ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ ግን ተሻሽሏል። ከወለል መነሳት ለማን ነው ትንሽ ነገር? ለልጄ ማለት ሰው ሳይጠራ ሽንት ቤት መሄድ ነው።

ዶክተራችን ከኢንሹራንሱ ዶክተር ጋር በስልክ ተከራከረች። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጁ በስንት ሰከንድ እንደሚነሳ፣ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ በቁጥር ጻፈልን። እኔም ይግባኙ ላይ የቤት ውሏችንን ጨመርኩ። ሆስፒታሉን አማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ እንግሊዝኛ ብችልም ሕክምናው ሊጎዳው ስለሚችለው የልጄ ጉበት ሲወራ አንድ ቃል እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። በመጨረሻ ፈቀዱ።

መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ የሚወስደው የስቴሮይድ መድኃኒት መጠን ከፍ አለ፣ ፊቱ አበጠ፣ ጠባዩም ተለወጠ። ለሦስት ወር በየሳምንቱ ለጉበቱ ደም ተቀዳ። በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ታዳጊዎች ከሕክምናው በኋላ ጉበታቸው ከሥራ ውጪ ሆኖ ሲሞቱ እንቅልፍ አጣሁ። አሁን የሚፈቀደው 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚራመዱ ብቻ ነው፣ ከከባድ ማስጠንቀቂያ ጋር። ፈውስም አይደለም። ስቴሮይዱ ይቀጥላል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። የልብ ምርመራውም አይቀርም።

የክልከላ ደብዳቤ እጃችሁ ላይ ካለ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የግልም ሆነ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ከሆነ ለራሱ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። እሱም እምቢ ካለ፣ ገለልተኛ አካል ጉዳዩን እንዲያየው ለመጠየቅ አራት ወር ይሰጣችኋል።