በማዳበሪያ የመጣው እፉኝት

ሥራዬ የመስክ ረዳትነት ነው። ተመራማሪዎች እባብ ለማጥናት ሲወጡ አብሬ እወጣለሁ። የምንሠራው አፋር ነው፤ ዕቃችን የሚቀመጠው ግን ገላን፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በተከራየነው ግቢ ነው። ይህ ገጠመኝም የሆነው በረሃ ላይ ሳይሆን እዚያው ግቢ በር ላይ ነው።

አስቀድሜ ግን በረሃ ላይ እባብ እንዴት እንደሚፈለግ ልንገራችሁ። ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል እባቡ ከድንጋይ ሥር ወይም አይጥ ከቆፈረችው ጉድጓድ ይገባል። የሚወጣው ሲመሽ ነው። እኛም አመሻሽ ላይ የግንባር ባትሪ አስረን በእግር እንሄዳለን። አንዳንዴ መኪናውን በዝግታ እየነዳን መንገዱን እናያለን፤ ሲሞቅ የዋለ አስፋልት ማታም ሙቀቱ ስለማይለቀው እባብ ይወጣበታል። ጠዋት ደግሞ ነፋስ ሳይነሳ አሸዋው ላይ ዱካ እንከተላለን።

ድንጋይም ዝም ብሎ አይገለበጥም። ጣት ከሥሩ አይገባም። በመንጠቆ ከወዲያኛው ጫፍ ይዘህ ወደ ራስህ ትስበዋለህ። ያን ጊዜ ድንጋዩ በአንተና ከሥሩ በተኛው መካከል ይቆምልሃል። አይተህ ስትጨርስ እንደነበረው ትመልሰዋለህ፤ ጊንጡም እንሽላሊቱም ቤታቸው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ወረቀት ይቀድማል። በአገሪቱ ሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በእኛ ፈቃድ ላይ የእባቡ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የሚሰበሰብበት ቦታና ጊዜው ተለይቶ ተጽፏል። ወረቀቱን ይዘን ክልሉም ወረዳውም ጋ እንቀርባለን፤ አገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችንም ሳናናግር መንጠቆ አናነሳም። ይህን እንደ ቢሮክራሲ የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም።

ወደ ገጠመኙ ልመለስ። ከአፋር ተመልሰን ዕቃ እያጠብን ነበር። ሰፈሩ ውስጥ «እነዚያ ሰዎች እባብ በውድ ይገዛሉ» የሚል ወሬ መነዛቱን አልሰማንም። ድንጋይ ካባ ላይ በቀን ሥራ የሚውል አንድ ወጣት ማዳበሪያ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ማዳበሪያው ጀርባውን እየነካው ነበር።

«ጋሼ፣ አመጣሁላችሁ! ስንት ትሰጡኛላችሁ?» አለ።

ማዳበሪያው በአንድ ጎኑ እያበጠ ይሟሽሻል። ከውስጡ ረጅም፣ ከባድ የትንፋሽ ድምፅ ይወጣል። እፉኝት ሲቆጣ አየር ስቦ ሰውነቱን እየነፋ እንዲህ ያሰማል። ጥርሱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ከረጢት አያግደውም። እኛ የጨርቅ ከረጢት ስንይዝ እንኳ ከቋጠሮው በላይ ይዘን ከሰውነታችን አርቀን ነው። ልጁ ግን ያን ሁሉ መንገድ በጀርባው ተሸክሞት መጣ።

አብሬው የምወጣው ተመራማሪ፣ ዶክተሩ፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ወንድሜ፣ አትደንግጥ። እጅህን ከሰውነትህ አርቅ። አሁን ቀስ ብለህ መሬት አስቀምጠው። በቃ፣ ወደ ኋላ ና» አለው። ከዚያ ማዳበሪያውን በረጅም መቆንጠጫ አንስቶ ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ ውስጥ ከተተው። ልጁ ላቡ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው።

በኋላ በጥንቃቄ ሲታይ በሳይንስ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ የሚባለው፣ ወፍራሙ እፉኝት ነው። ጀርባው ላይ የተደረደሩት የቀስት ጫፍ የመሰሉ ምልክቶች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ጤነኛ ነው። አፋር ላይ ብዙ ደክመን ያላገኘነውም ይኸው ዓይነት ነበር። ስሙ ፈቃዳችን ላይ አለ። ቁጥሩም አልሞላም።

አንዱ ባልደረባችን «እግዜር ራሱ ላከልን። በረሃ ላይ አገኘነው ብለን ብንመዘግበውስ? ማን ያውቃል?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ደክሞት ነው።

ዶክተሩን እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ፈቃዱ አፋር ነው የሚለው። ገላን አይልም» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ነው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ያለው። የሰበሰብነው ናሙና መጨረሻው ሙዚየም ነው፤ አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ያሉትም ቢሆኑ ዋጋቸው አብሯቸው ባለው ጽሑፍ ነው። የት ተገኘ? መቼ? በስንት ከፍታ? ያ ጽሑፍ ውሸት ከሆነ ገና ያልተወለደ ተማሪ ያን አምኖ ካርታ ይሠራል። እሱን ተከትሎ ሌላው ይሳሳታል። ውሸቱን የጻፈው ሰው ሞቶም ስህተቱ ይቀጥላል።

ጉዳዩ የካርታ ብቻ አይደለም። የእባብ መርዝ በቦታ ይለያያል። ኤኪስ የሚባሉት ትንንሾቹ የበረሃ እፉኝቶች ህንድም አሉ፣ አፍሪካም አሉ፤ ዝርያቸው ግን ይለያያል። በህንዱ መርዝ የተሠራ የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት ጋናና ቻድ ውስጥ ሲሰጥ በደንብ አልሠራም፤ ብዙ ሰው ሞተ። እባቡ የየት አገር ነው የሚለው ጥያቄ ሐኪም ቤት አልጋ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። ባልደረባችን አንገቱን ደፋ። ሁለተኛ አላነሳውም።

ዶክተሩ ፈቃዱን ወደሰጠን ክፍል ደውሎ ነገሩን አስረዳ። ጤነኛ ከሆነ ከተያዘበት አካባቢ ይመለስ ተባለ። ለልጁ ለእባቡ ብሎ አንድ ብር አልሰጠውም። አንድ ጊዜ ከተከፈለ በማግስቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ካባው ላይ ድንጋይ ሲገለብጥ ይውላል፤ አንዱም ይነደፋል። ምሳ ግን አብረን በላን። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ የእፉኝቱን ጥርስ በፎቶ ሲያይ ግን እንጀራው ከእጁ ቆመ።

ከሰዓት ካባው ጋ ሄድን። ሠራተኞቹ ከማይደርሱበት ሸለቆ ወርደን ባልዲውን አጋደምነው። እፉኝቱ ቸኩሎ አልሮጠም። ደረቁ ሣር ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ተስቦ ቆመ። ዓይኔን አንስቼ ስመልስ አጣሁት፤ እዚያው እያለ። ሰው የሚረግጠውም ለዚህ ነው፤ ቀለሙን ተማምኖ አይሸሽም።

ዶክተሩ ሠራተኞቹን ሰብስቦ አነጋገራቸው። የነደፈውን ቦታ አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ እግሩን በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ ሰውየውን ተሸክማችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱ። እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል ጊዜ አታጥፉ፤ ከሩቅ ፎቶ ከተገኘ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የሚነደፈውም አብዛኛው እንደ እነዚህ ያለ፣ በእጁ ድንጋይና መሬት የሚነካ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካባው ላይ ጓንትና ቦቲ ጫማ የሚያደርጉ በዝተዋል።

ልጁ አሁን እባብ ሲያይ አይነካም። ራቅ ብሎ ፎቶ ያነሳና ከቦታው ጋር በቴሌግራም ይልክልናል። አንዳንዱ መርዝ የሌለው የደጋ እባብ ነው፤ ያንን «ተዉት» ብሎ ጓደኞቹን የሚያስጥለው እሱ ሆኗል። ዶክተሩ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ባስገባው ማመልከቻ ገላንን ከጥናቱ ቦታዎች አንዱ አድርጎ ጽፏል። መልሱን እየጠበቅን ነው።